ሁለት ውሁዶች በአንድ ፍሬ፦ ጥምር ክሪስታል ምንድን ነው? ለማሳና ለመድኃኒት ቤትስ ምን ይፈይዳል?

ክረምት ሲገባ በብዙ የገጠር ቤቶች የሚታይ አንድ ነገር አለ። ከዝናቡ በፊት የተገዛ ዩሪያ ማዳበሪያ ለጤፉ ወይም ለበቆሎው ሊበተን ሲከፈት፣ እንደ ነጭ ዶቃ መፍሰሱ ቀርቶ ጓል ሆኖ ይገኛል። አርሶ አደሩ ጓሉን በዱላ ቀጥቅጦ፣ በእጁ አፍርሶ ይበትነዋል። አንዱ ቦታ ይበዛል፤ ሌላው ቦታ ያንሳል። ሰብሉም በአንድ ማሳ ላይ አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ ዥንጉርጉር ይበቅላል። በከረጢቱ ውስጥ የተጨመረ ባዕድ ማዳበሪያ የለም። ቀድሞም ዩሪያ ነበር፤ አሁንም ዩሪያ ነው። የተለወጠው ጥቃቅኖቹ ፍሬዎች እርስ በርስ የተያያዙበት መንገድ ነው።

በከተማም ተመሳሳይ ጉዳይ አለ። አንድ እንክብል ሆድ ውስጥ ገብቶ ካልሟሟ በውስጡ ያለው መድኃኒት ምንም ያህል ፍቱን ቢሆን ታማሚውን አይረዳውም። መሟሟት አለመሟሟቱን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የመድኃኒቱ ሞለኪውሎች በጠጣሩ ውስጥ የተደረደሩበት ሥርዓት ነው።

የማዳበሪያውም የእንክብሉም ጥያቄ ወደ አንድ የሳይንስ ዘርፍ ያመራል፤ እርሱም የክሪስታል አወቃቀር ጥናት ነው። ተመራማሪዎች ከቅርብ ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ሁለት የተለያዩ ውሁዶችን ሆን ብለው በአንድ ክሪስታል ውስጥ ጎን ለጎን በማስቀመጥ የጠጣሩን ባሕርይ ለመለወጥ እየሠሩ ይገኛሉ። ይህ ዓይነቱ ጠጣር ጥምር ክሪስታል ይባላል። ነገሩን በግልጽ ከሚያሳዩት ምሳሌዎች አንዱ ደግሞ የአሚኖ አሲድና የኦርጋኒክ አሲድ ጥምረት ነው።

ክሪስታል ሲባል ምን ማለት ነው?

ክሪስታል ማለት በውስጡ ያሉት አቶሞች ወይም ሞለኪውሎች በየአቅጣጫው በተመሳሳይ ሥርዓት እየተደጋገሙ የተደረደሩበት ጠጣር ነው። ግንበኛ ጡብ በጡብ ላይ በእኩል ልክ ሲደረድር ግድግዳው አንድ ወጥ መልክ እንደሚይዘው ሁሉ፣ ክሪስታልም በአንዲት መሠረታዊ አሃድ መደጋገም ይገነባል።

ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነው ምሳሌ ጨው ነው። በአፋር ክልል በአፍዴራ ሐይቅ ዳር ውኃው ወደ ሰፋፊ ገንዳዎች ገብቶ በፀሐይ ሲተን፣ በውኃው ውስጥ ሟሙተው የነበሩት የሶዲየምና የክሎሪን ቅንጣቶች ቀስ በቀስ ተራቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። የጨው ፍሬ በማጉያ መነጽር ቢታይ ማዕዘኖቹ የተስተካከሉ ትንሽ ሣጥን መስሎ የሚታየው ከውስጥ ያለው ድርድር ራሱ ማዕዘናዊ ስለሆነ ነው። ስኳርም እንዲሁ ክሪስታል ነው። መስታወት ግን ጠጣር ቢሆንም ክሪስታል አይደለም፤ በውስጡ ያሉት አቶሞች ተራ የላቸውም።

ሌላው ምሳሌ ማር ነው። ማር ሲቆይ ነጣ ብሎ ሲረጋ ብዙ ሰው ስኳር ተቀላቅሎበታል ብሎ ይጠረጥራል። መርጋቱ ግን ብቻውን የመቀላቀል ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ የተባለው የስኳር ዓይነት ከፈሳሹ ወጥቶ ክሪስታል ሲሠራ የሚሆነው ነው። በዚህ ክሪስታል ውስጥ ግሉኮስ ብቻውን አይቀመጥም። በእያንዳንዱ የግሉኮስ ሞለኪውል አጠገብ አንድ የውኃ ሞለኪውል ቦታ ይይዛል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ባሕርያቸውን ሳይለቁ በአንድ ፍሬ ውስጥ ተራ ይዘው መኖር እንደሚችሉ ተፈጥሮ ራሷ በማሩ ማሰሮ ውስጥ ታሳያለች ማለት ነው።

ሁለቱ ተጣማሪዎች

አሚኖ አሲዶች የፕሮቲን መሠረታዊ አካላት ናቸው። የሰው፣ የእንስሳትና የእፅዋት ፕሮቲን በዋናነት የሚገነባው ከ20 የአሚኖ አሲድ ዓይነቶች ነው። ከእነዚህ ውስጥ 9ኙን የሰው አካል ራሱ ማምረት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ከዘጠኙ አንዱ የሆነው ላይሲን በእህል ዘሮች ውስጥ አነስተኛ ሲሆን በጥራጥሬ ውስጥ ግን በርከት ብሎ ይገኛል። እንጀራ በሽሮ መብላት ከአባቶች የመጣ ልማድ ብቻ ሳይሆን የአንዱን ጉድለት በሌላው የሚሞላ ጥሩ ጥምረት የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ ግላይሲን ነው። አንዱ ሞለኪውል ዐሥር አቶሞች ብቻ አሉት። እ.ኤ.አ በ1820 ሄንሪ ብራኮኖ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ የሚወጣውን ጄላቲን በአሲድ ሲያፈላ ጣፋጭ ነጭ ክሪስታል አገኘ። ስሙም ጣፋጭ ከሚል የግሪክ ቃል ተወሰደ። በቆዳ፣ በጅማትና በአጥንት ውስጥ ከሚገኘው ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን አሚኖ አሲዶች ውስጥ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ግላይሲን ነው።

ግላይሲን አንድ ልዩ ጠባይ አለው። በአንድ ጫፉ ናይትሮጅን ያለበት ክፍል፣ በሌላው ጫፉ ደግሞ አሲዳማ ክፍል አለው። ጠጣር ሲሆን አሲዳማው ጫፍ የራሱን አንድ ሃይድሮጅን ያለ ኤሌክትሮኑ ለናይትሮጅኑ ጫፍ ይሰጣል። በዚህም ምክንያት አንዱ ጫፍ አዎንታዊ፣ ሌላው ጫፍ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። ሞለኪውሉ በድምሩ ሙል የሌለው ቢሆንም ሁለት ፊት አለው። የአንዱ አዎንታዊ ጫፍ የጎረቤቱን አሉታዊ ጫፍ እየሳበ፣ ሞለኪውሎቹ እንደ ግመል ቅፍለት ፊትና ኋላ ሆነው ይሰለፋሉ።

ኦርጋኒክ አሲዶችም ለቤት እንግዳ አይደሉም። ሎሚን የሚያኮመጥጠው ሲትሪክ አሲድ፣ እርጎን የሚያኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ፣ ኮምጣጤን ኮምጣጤ ያሰኘው አሴቲክ አሲድ ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። ከእነዚህ መካከል በሁለቱም ጫፋቸው አሲዳማ ክፍል ያላቸው አሉ። ሦስት የካርቦን አቶም ያለው ማሎኒክ አሲድና አምስት የካርቦን አቶም ያለው ግሉታሪክ አሲድ የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ግሉታሪክ አሲድ ላይሲን በሰውነት ውስጥ ሲፈራርስም የሚፈጠር ነው። ሁለት አሲዳማ ጫፍ ያለው ሞለኪውል በሁለቱም እጁ ጎረቤት መያዝ ስለሚችል ክሪስታል ለመገንባት የተመቸ ነው።

ጨው ወይስ ጥምር ክሪስታል?

ሁለት ውሁዶች በአንድ ክሪስታል ውስጥ መገኘታቸው የታወቀው ዛሬ አይደለም። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሪክ ቮለር እ.ኤ.አ በ1844 ኪንሃይድሮን የተባለውን ጥምር አዘጋጅቶ ነበር፤ ይህም ከመጀመሪያዎቹ የጥምር ክሪስታል ምሳሌዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ቮለር ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ በ1828 ዩሪያን ያለ እንስሳ ኩላሊት በቤተ ሙከራ በመሥራቱ ይታወቃል። ዛሬ በየማሳው የሚበተነው ዩሪያ ታሪክና የጥምር ክሪስታል ታሪክ በአንድ ሰው እጅ ይገናኛሉ ማለት ነው።

አሲድና አሚኖ አሲድ ሲገናኙ ሁለት ነገር ሊከተል ይችላል። የመጀመሪያው አሲዱ አንድ ሃይድሮጅኑን ያለ ኤሌክትሮኑ ለአሚኖ አሲዱ አሳልፎ ሲሰጥ ነው። ይህ ቅንጣት ፕሮቶን ይባላል። ሰጪው አሉታዊ፣ ተቀባዩ አዎንታዊ ይሆናል፤ የተፈጠረውም ጠጣር በኬሚስቶች አነጋገር ጨው ነው። ሁለተኛው አሲዱ ሃይድሮጅኑን ሳይለቅ ወደ ጎረቤቱ ብቻ ሲያዘነብል ነው። ሃይድሮጅኑ በባለቤቱ እጅ ሆኖ የጎረቤቱን ኦክስጅን ይስባል። ይህ የሃይድሮጅን ትስስር ይባላል። ሁለቱም ውሁዶች እንደነበሩ ሆነው በዚህ ትስስር ከተያያዙ ጠጣሩ ጥምር ክሪስታል ነው።

ልዩነቱን ያሳየ አንድ ሥራ በሩሲያ በኖቮሲቢርስክ ከተማ ተሠርቷል። በዚያ የሚገኙ የክሪስታል ተመራማሪዎች ግላይሲንን በአንድ ወገን ከማሎኒክ አሲድ፣ በሌላ ወገን ከግሉታሪክ አሲድ ጋር አጣምረው የሁለቱንም አወቃቀር እ.ኤ.አ በ2011 አሳተሙ። ሁለቱ አሲዶች የሚለያዩት በካርቦን ሰንሰለታቸው ርዝመት ነው። ውጤቱ ግን ተለያየ። ማሎኒክ አሲድ ጠንከር ያለ አሲድ በመሆኑ አንድ ፕሮቶኑን ለግላይሲን ለቀቀ፤ የተገኘውም ጨው ሆነ። ግሉታሪክ አሲድ ደካማ ነውና ሃይድሮጅኑን ይዞ ቀረ። ግላይሲንም ሁለት ፊቱን እንደያዘ ቆየ። ሁለቱ በእኩል ቁጥር ተቀምጠው፣ የአሲዱ ሃይድሮጅኖች ወደ ግላይሲን አሉታዊ ጫፍ እያመለከቱ፣ አጭርና ጠንካራ በሆነ የሃይድሮጅን ትስስር ተያያዙ። ይህ እውነተኛ ጥምር ክሪስታል ነው።

ተመራማሪዎቹ በዚያ አላበቁም። ይኸው የግላይሲንና የግሉታሪክ አሲድ ክሪስታል ከዜሮ በታች ወደ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ ድርድሩን እንደሚለውጥ፣ ሲሞቅም ወደ ቀድሞው እንደሚመለስ አሳዩ። በከፍተኛ ግፊት ሲጨመቅም ሞለኪውሎቹ ያንኑ በብርድ የታየውን ድርድር ይይዛሉ። ያው ሁለት ውሁድ፣ በዚያው መጠን፣ በሁለት ዓይነት ድርድር ሊቀመጥ መቻሉ የጠጣር ነገር ባሕርይ በውስጡ ባለው ነገር ብቻ እንደማይወሰን ያረጋግጣል።

በዓይን የማይታየው እንዴት ታየ?

በእነዚህ ክሪስታሎች ውስጥ በአቶሞች መካከል ያለው ርቀት የሚለካው አንግስትሮም በሚባል መለኪያ ነው። አንድ አንግስትሮም አንድ ሚሊ ሜትር ለዐሥር ሚሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ነው። ይህን ያህል ጥቃቅን ነገር በተራ ብርሃን ማየት አይቻልም፤ የብርሃኑ ሞገድ ከአቶሙ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣልና።

መፍትሔው የመጣው በሆስፒታል አጥንት ለማየት ከሚያገለግለው ራጅ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ማክስ ፎን ላወ እ.ኤ.አ በ1912 ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ራጅ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ ወደ ተወሰኑ አቅጣጫዎች እንደሚበተንና በፊልም ላይ ሥርዓት ያላቸው ነጠብጣቦች እንደሚተው አሳየ። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት አባትና ልጅ፣ ዊልያም ሄንሪ ብራግና ዊልያም ሎውረንስ ብራግ፣ ከነጠብጣቦቹ ተነሥተው የአቶሞቹን ቦታ አስልተው አወጡ። እ.ኤ.አ በ1915 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው ልጁ ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር። የግላይሲን አወቃቀር በዚህ መንገድ የታወቀው እ.ኤ.አ በ1939 ነው። ዶሮቲ ሆጅኪን የተባለችው እንግሊዛዊት ሳይንቲስትም በዚሁ ዘዴ የፔኒሲሊንን፣ የቫይታሚን ቢ 12ን፣ በኋላም የኢንሱሊንን አወቃቀር አሳውቃለች፤ እ.ኤ.አ በ1964 የኖቤል ተሸላሚ ሆናለች።

ዛሬ ሥራው በአብዛኛው በኮምፒዩተር ይከናወናል። የአሸዋ ቅንጣት የምታህል አንዲት ጥሩ ክሪስታል ተመርጣ በቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ትለጠፋለች። በራጅ ጨረር ፊት እየተሽከረከረች በሺህ የሚቆጠሩ ነጠብጣቦች ይመዘገባሉ። ከዚያም ኮምፒዩተሩ የአቶሞቹን ካርታ ያወጣል። በዚህ መልክ የተገኙ የኦርጋኒክ ክሪስታል አወቃቀሮች የሚሰባሰቡበት በእንግሊዝ ካምብሪጅ የሚገኘው መዝገብ እ.ኤ.አ በ2019 አንድ ሚሊዮን ደርሷል።

በጥምር ክሪስታል ጥናት ከባዱ ነገር ሃይድሮጅንን ማግኘት ነው። ራጅ የሚያየው ኤሌክትሮንን ሲሆን ሃይድሮጅን ያለው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሃይድሮጅኑን ብቻ ሳይሆን ዳናውንም ይፈልጋሉ። አሲዳማው ጫፍ ሃይድሮጅኑን እንደያዘ ከሆነ ካርቦኑን ከሁለቱ ኦክስጅኖች ጋር የሚያገናኙት ትስስሮች ርዝመታቸው ይለያያል፤ አንዱ 1 ነጥብ 2፣ ሌላው 1 ነጥብ 3 አንግስትሮም ገደማ ይሆናል። ሃይድሮጅኑን ከለቀቀ ግን ሁለቱም ወደ 1 ነጥብ 25 ተጠግተው ይመጣጠናሉ። ጨው ወይስ ጥምር ክሪስታል የሚለው ፍርድ በዚህች ጠባብ ልዩነት ላይ ያርፋል።

አሠራሩ ከሙቀጫና ዘነዘና ብዙ አይርቅም

ጥምር ክሪስታል የሚዘጋጅባቸው መንገዶች የተወሳሰቡ አይደሉም። የመጀመሪያው እንደ አፍዴራው ጨው ነው። ሁለቱ ውሁዶች በተመጠነ መጠን ውኃ ወይም አልኮል ውስጥ ይሟሟሉ፤ ፈሳሹ ቀስ እያለ ሲተንም ክሪስታሉ ከሥር ይቀመጣል። ዝግታው ወሳኝ ነው፤ ፈሳሹ በጥድፊያ ከተነነ ፍሬዎቹ ደቃቅና የተበላሹ ይሆናሉ፤ ወይም ሁለቱ ውሁዶች ለየብቻቸው ይወጣሉ።

ሁለተኛው መንገድ መውቀጥና መፍጨት ነው። ሁለቱ ዱቄቶች በአንድ ላይ በትንሽ ሙቀጫ ወይም ኳሶች ባሉበት የሚንቀጠቀጥ ወፍጮ ውስጥ ይፈጫሉ። ብዙ ጊዜ ጥቂት የፈሳሽ ጠብታ ሲጨመር ጥምረቱ ይፈጥናል። በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት እንኳ ውጤቱን ሊለውጥ እንደሚችል እነዚሁ የኖቮሲቢርስክ ተመራማሪዎች ሴሪን በተባለ አሚኖ አሲድና በኦክሳሊክ አሲድ ላይ ባደረጉት ጥናት አሳይተዋል። ደረቅ ነው ተብሎ የሚታሰበው ዱቄት ከአየሩ የሚስበው ጥቂት ውኃ ለሞለኪውሎቹ መንቀሳቀሻ መንገድ ይከፍትላቸዋል።

ለታማሚው ያለው ጥቅም

የክሪስታል አወቃቀር ለሰው ሕይወት ያለውን ክብደት ለማወቅ የሪቶናቪርን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ሪቶናቪር ኤች አይ ቪን ለማከም እ.ኤ.አ በ1996 ገበያ ላይ የዋለ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ በ1998 በማምረቻው ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታየ ሌላ የክሪስታል ቅርጽ ብቅ አለ። መድኃኒቱ ያው መድኃኒት ነበር፤ አንድም አቶም አልተለወጠም። አዲሱ ድርድር ግን ይበልጥ የጸናና ለመሟሟት የሚያስቸግር ስለነበር ካፕሱሉ የሚጠበቅበትን ማድረግ አቃተው። ካፕሱሉ ከገበያ ተነሣ፤ ታማሚዎችም አዲስ ዝግጅት እስኪመጣ ድረስ ወደ ፈሳሹ መድኃኒት እንዲዛወሩ ተደረገ።

ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት አምራቾች ለጠጣሩ አወቃቀር የሚሰጡት ትኩረት ጨምሯል። ጥምር ክሪስታልም ከመፍትሔዎቹ አንዱ ሆኖ ቀርቧል። እርጥበት የሚስበውን መድኃኒት እርጥበት እንዳይስብ፣ የማይሟሟውን እንዲሟሟ፣ በሙቀት የሚበላሸውን እንዲጸና ለማድረግ ጉዳት የማያደርስ ተጣማሪ ይፈለግለታል። አሚኖ አሲዶችና በምግብ ውስጥ የሚገኙ ኦርጋኒክ አሲዶች ለዚህ ተመራጭ ከሚሆኑባቸው ምክንያቶች አንዱ ሰውነት ቀድሞም የሚያውቃቸው መሆኑ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሐሳብ አይደለም። ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የሚታዘዘው ኢፕራግሊፍሎዚን ፕሮሊን ከተባለ አሚኖ አሲድ ጋር በጥምር ክሪስታልነት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ በ2014 በጃፓን ፈቃድ አግኝቷል። ኤርቱግሊፍሎዚን የተባለው ሌላው የስኳር ሕመም መድኃኒት ደግሞ ከፓይሮግሉታሚክ አሲድ ጋር ተጣምሮ እ.ኤ.አ በ2017 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ፓይሮግሉታሚክ አሲድ ከአሚኖ አሲድ የሚወለድ ሲሆን ራሱም ኦርጋኒክ አሲድ ነው። በሁለቱም መድኃኒቶች ውስጥ በሽታውን የሚቆጣጠረው ዋናው መድኃኒት ነው። የተጣማሪው ሥራ መድኃኒቱ በመጋዘንና በመደርደሪያ ላይ ሳይበላሽ እንዲቆይ ማገዝ ነው።

ለአንባቢው ከዚህ የሚወሰድ ቁም ነገር አለ። በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ከእርጥበትና ከሙቀት ይጠበቅ ተብሎ የሚጻፈው ለወጉ አይደለም። እንክብልን ከማሸጊያው አውጥቶ በወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ላይ መተው በብዙ ድካም የተስተካከለውን የጠጣሩን ሁኔታ ሊያበላሽ ይችላል።

ለማሳው ያለው ተስፋ

ወደ ዩሪያው እንመለስ። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን አለ። ዩሪያ አሚኖ አሲድ ባይሆንም እንደ ግላይሲን ሁሉ በሃይድሮጅን ትስስር ከጎረቤቶቹ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ሞለኪውል ነው። ኦክሳሊክ አሲድን ከመሰሉ ኦርጋኒክ አሲዶችና ከማዕድናት ጋርም ጥምር ክሪስታል ይሠራል።

የዩሪያ ችግር ሁለት ነው። የመጀመሪያው እርጥበት ነው። የአየሩ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የእርጥበት መጠኑ ከ72 በመቶ ገደማ ካለፈ ዩሪያ ከአየሩ ውኃ መሳብ ይጀምራል። የፍሬዎቹ ገጽ በጥቂቱ ይሟሟል። አየሩ መልሶ ሲደርቅ በፍሬና በፍሬ መካከል አዲስ ክሪስታል ይበቅልና እንደ ድልድይ ያያይዛቸዋል። በክረምት የሚገኘው ጓል ከዚህ የመጣ ነው። ሁለተኛው ብክነት ነው። ዩሪያ በአፈር ላይ ሲያርፍ ዩሪኤዝ የተባለ የአፈር ኢንዛይም ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። ማዳበሪያው ላይ ላዩን ከተበተነና ካልተሸፈነ አሞኒያው ወደ አየር ይተናል። ጠዋት የከብት በረት ሲከፈት አፍንጫን የሚሰነፍጠው ጠረን ይኸው ነው፤ ከሽንት ውስጥ ዩሪያ የሚወጣ አሞኒያ። ማሳ ላይ ሲሆን ግን ጠረኑ የሚተነው ከአርሶ አደሩ ኪስ ነው።

ተመራማሪዎች ይህን ለመቀነስ ዩሪያን ከሌሎች ነገሮች ጋር በጥምር ክሪስታል እያሰሩ ይሞክራሉ። ከእነዚህ አንዱ ጄሶ ከሚሠራበት ከጂፕሰም ጋር የሚደረገው ነው። ሁለቱ በአንድነት ሲፈጩ ለአንድ ካልሲየም ሰልፌት አራት የዩሪያ ሞለኪውሎች የሚደርሱበት ክሪስታል ይፈጠራል። በቤተ ሙከራ በተደረጉ ጥናቶች ይህ ጥምር ከተራው ዩሪያ ይልቅ እርጥበት በመሳብም፣ በአሞኒያ መልክ ናይትሮጅን በማባከንም ዝቅ ብሎ ታይቷል። ከናይትሮጅኑ ጋር ካልሲየምና ድኝም ለሰብሉ ይሰጣል። ጂፕሰም ለኢትዮጵያ እንግዳ ማዕድን አይደለም፤ በዓባይ ሸለቆ በጎሐ ጽዮን አካባቢ በሰፊው ይገኛል። ይሁን እንጂ ሁለቱን ዱቄት በባልዲ ማደባለቅ ክሪስታሉን አያስገኝም። ጥምረቱ የተመጠነ ውኃና ኃይለኛ መፍጨት ይጠይቃል።

በዘፈቀደ መደባለቅ ጉዳትም አለው። ዩሪያ ሱፐር ፎስፌት ከሚባለው ማዳበሪያ ጋር ቀድሞ ተደባልቆ ከተቀመጠ ሁለቱ ተጣምረው አዲስ ክሪስታል ይሠራሉ። በዚህ ጊዜ በሱፐር ፎስፌቱ ክሪስታል ውስጥ ታስሮ የነበረው ውኃ ይለቀቃል። ከውጭ አንድ ጠብታ ሳይገባ ከረጢቱ ከውስጡ ይረጥባል፤ ማዳበሪያውም ጭቃ ይሆናል። ያው የጥምር ክሪስታል ሕግ በዕውቀት ሲሠራበት ማዳበሪያ ይጠብቃል፤ ሳይታወቅ ሲነካካ ያበላሻል።

እስከዚያው ምን ይደረግ?

የተሻሻሉ ማዳበሪያዎች በከረጢት እስኪመጡ ድረስ የዩሪያን ጠባይ አውቆ መያዝ በአርሶ አደሩ እጅ ያለ መፍትሔ ነው።

ዩሪያ በመሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ተደርጎ መቀመጥ አለበት። የከረጢቱ የውስጥ ፕላስቲክ ሳይቀደድ ይጠበቅ፤ ተከፍቶ የተረፈውም ወዲያው በጥብቅ ይታሰር። ከረጢት በከረጢት ላይ በብዛት መቆለል ፍሬዎቹ ተጨምቀው እንዲጣበቁ ስለሚያደርግ ቁልሉ ዝቅ ያለ ይሁን። ከሌላ ማዳበሪያ ጋር መደባለቅ ካስፈለገ የግብርና ባለሙያ ተማክሮ፣ በሚበተንበት ዕለት እንጂ ቀደም ብሎ አይሁን።

ማሳ ላይ ሲደርስ ደግሞ አፈሩ እርጥበት ባለው ጊዜ መጨመርና በተቻለ መጠን በአፈር መሸፈን ብክነቱን ይቀንሳል። በመስመር ለተዘራ ሰብል ከተክሉ ራቅ አድርጎ በቦይ ውስጥ ጨምሮ መመለስ ይመረጣል። መሸፈን በማይቻልበት የጤፍ ማሳ ላይ መጠነኛ ዝናብ ሊጥል ሲል መበተን ዩሪያው ወደ አፈሩ እንዲሰርግ ያግዛል። ጎርፍ በሚያስነሣ ኃይለኛ ዝናብ ፊት ወይም በጠራራ ፀሐይ በደረቀ መሬት ላይ መበተን ግን ማዳበሪያውን ለጎርፍና ለነፋስ መስጠት ነው።

ጓል የሆነ ዩሪያ ተገኘ ተብሎ አይጣልም። ናይትሮጅኑ በአብዛኛው በውስጡ አለ። በደረቅ ቦታ በደንብ ደቅቆ፣ በወንፊት ተነፍቶ እኩል ከተበተነ ሥራውን ይሠራል። ለሚቀጥለው ዓመት ግን ርብራቡ ከዝናቡ በፊት ይዘጋጅ።